ያረጀ ውሻ ላለው ሰው አገር ቤት ይርቃል

አገር ቤት ልሂድ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቲኬት ዋጋ ነው። ያረጀ ውሻ ወይም ያረጀች ድመት ያለው ሰው ግን ቲኬቱ ጋ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት «ማን ይጠብቅልኛል? በስንት?» የሚል ጥያቄ አለበት። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የምንኖር ስንቶቻችን ይህን ጥያቄ ይዘን ሌሊት እንደምንገላበጥ አውቃለሁ። ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጤና ኢንሹራንስ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ቅጣት በግልጽ እንማረራለን። ስለዚህኛው ግን «ለውሻ ብሎ!» እንዳንባል ዝም እንላለን። ዝምታው በቃኝ።

ውሻ ወደ ቤታችን የገባበት መንገድ በብዙዎቻችን ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። ልጆች ለመኑ፣ አለቀሱ፣ «እኛ እንንከባከበዋለን» ብለው ቃል ገቡ፤ ከመጠለያ ተወስዶ መጣ። ልጆቹ አደጉ፤ ኮሌጅ ገቡ፤ ሌላ ከተማ ሥራ ያዙ። ውሻው እኛው ዘንድ አረጀ። የእኛ ቡቺም የቀረልን እንዲህ ነው። ስኳር አለበት። በስኳሩ ምክንያት ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወጥቶ ማየት አቁሟል፤ ስኳር ባለባቸው ውሾች ላይ በብዛት የሚደርስ ነገር ነው። ቤቱን ግን በቃሉ ያውቀዋል። ከመኝታው እስከ ውኃ ሳህኑ፣ ከሳህኑ እስከ ጓሮ በር አንድ ነገር ሳይነካ ይሄዳል። ለጽዳት ብለን ሶፋውን አንድ ክንድ ካንቀሳቀስነው ግን ይጋጫል፤ ከተጋጨም በኋላ አቅጣጫው ጠፍቶት ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል። «የማያውቀው ቦታ ለወራት አስቀምጡት» የምንባለው እንዲህ ያለውን ፍጡር ነው።

ለወራት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። የእኛ ጉዞ የአንድ ሳምንት መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ከዋሽንግተን ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ለመድረስ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበረራል፤ ቲኬቱም በየዓመቱ የሚደፈር አይደለም። ስለዚህ የተጠራቀመ ጉዳይ ሁሉ ለአንድ ጉዞ ይቀመጣል፦ የታመመ ወላጅ፣ ያልተደረሰበት ለቅሶ፣ የወንድም ልጅ ሠርግ፣ ክፍለ ከተማ ላይ የተንጠለጠለ የቤት ካርታ። እናት አልጋ ላይ ከዋለች ደግሞ የመመለሻ ቀን መቁረጥ አይቻልም። በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ መመዘኛውን ለሚያሟላ ሠራተኛ የታመመ ወላጁን እንዲያስታምም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ያለ ደመወዝ ነው። እንግዲህ ደመወዝ የሚቋረጥባቸው እነዚያው ሳምንታት ናቸው ለውሻው ማደሪያ የምንከፍልባቸው።

ሒሳቡን እንየው። ቦርዲንግ የምንለው የእንስሳት ማደሪያ ለአንድ ሌሊት 50 ዶላር ጠየቀ እንበል፤ በዚህ አካባቢ ውድ የሚባል ዋጋ አይደለም። 12 ሳምንት 84 ሌሊት ነው፤ 4,200 ዶላር ይመጣል። ኢንሱሊን ለመውጋት በእያንዳንዱ ጊዜ 5 ዶላር ብቻ ቢጨመርበት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነውና 840 ዶላር ሌላ። ድምሩ ከ5,000 ዶላር በላይ ሆነ። ምግቡን፣ የመድኃኒቱን መግዣና የሐኪሙን ምርመራ ገና አላነሣሁም። በሰዓት ደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ ያውም ወደ አገር ቤት ለእናቱ መታከሚያ ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ ይህን ከየት ያመጣል? ለረጅም ቆይታ ቅናሽ አለን የሚሉ ማደሪያዎችም «ስኳር አለበት፣ አያይም» ስንላቸው የቀነሱትን በልዩ እንክብካቤ ስም መልሰው ይጨምሩታል።

ዋጋው ጭራሽ ለእኛ ዓይነት ጉዞ የተሠራ አይደለም። ማደሪያዎቹ የተቋቋሙት ቅዳሜና እሑድ ለሚወጣ፣ ለምስጋና ቀን ዘመድ ጥየቃ ለሚሄድ ሰው ጤነኛ ውሻ ነው። እኛ ለገና አገር ቤት ስንሄድ የምንነሣው የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ፣ ማደሪያው በሞላበትና የበዓል ጭማሪ በተጣለበት ሰሞን ነው። የራሳችንን ገና አክብረን ጥምቀትን ሳናይ አንመለስም። የፈረንጁን የበዓል ዋጋ ከፍለን የሐበሻውን በዓል እናከብራለን።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ያረጀ እንስሳ በብዙ ማደሪያ በር አያልፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግዴታ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሕግም ነው። ማደሪያዎቹ ግን ከዚያ በላይ የውሻ ሳልና ሌሎች ክትባቶችን ይጠይቃሉ፤ ሐኪሙ «በዚህ ዕድሜና በዚህ ሕመም ይህኛው ይቅርበት» ያለው ውሻ ተመልሶ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ሌሊት ነው። ብዙ ማደሪያዎች ማታ በሩን ቆልፈው ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እስኪነጋ እንስሳቱ ብቻቸውን ናቸው። ለጤነኛ ውሻ ምንም ላይሆን ይችላል። ስኳሩ ሌሊት ለሚወርድበት ውሻ ግን በወደቀበት ያነጋል ማለት ነው። «ሌሊት ሰው አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ «ካሜራ አለ» ተብዬአለሁ። ካሜራ ማር አይቀባም።

ማር ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ጠባቂ መፈለግ ለምን እንደሚከብድ ይገባችኋል። ቡቺ በየ12 ሰዓቱ ይመገብና ኢንሱሊን ይወጋል። ካልበላ ሙሉው መጠን አይሰጠውም፤ ለሐኪሙ ተደውሎ ይጠየቃል። ሳይበላ ሙሉ መጠን የተወጋ ውሻ ስኳሩ ወርዶ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። ያን ጊዜ ማር ድዱ ላይ ቀብቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሲሪንጁም ሌላ ጣጣ አለው። ለውሻ ከሚታዘዙት ኢንሱሊኖች አንዳንዶቹ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ናቸው፤ ለሰው የሚሸጠው የተለመደው 100 ዩኒት ነው፤ ለየራሳቸው የተሠራ ሲሪንጅ አላቸው። የ40ውን ሲሪንጅ ይዞ የ100ውን ኢንሱሊን እስከዚያው መስመር የሳበ ሰው መጠኑን ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፋለን። ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ብዙ ነው፤ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ቆዳውን አንሥቶ መርፌውን የሚያስገባ ግን ጥቂት ነው።

ድመት ያላቸውም ከዚህ አልዳኑም። ያረጁ ድመቶችን የኩላሊት ድካም አብዝቶ ይይዛቸዋል። የአንዲት ጓደኛዬ ድመት ውሃ እንዳያንሳት ከቆዳዋ ሥር ግሉኮስ እንደሚሰቀልለት ሕመምተኛ ከከረጢት ፈሳሽ ይገባላታል። ከረጢቱ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ይሰቀላል፤ ጓደኛዬ ድመቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በስስት እያሻሸች ታስጨርሳታለች። የማታውቀው ሰው ቢይዛት ትቧጭራለች፣ ትደበቃለች። ይህች ጓደኛዬ ለአባቷ የሰማንያ ተዝካር ሳትደርስ የቀረችው በዚህ ነው። ለሰው የነገረችው «ሥራ አልለቀቁኝም» ብላ ነው።

እቤት መጥቶ የሚያድር ጠባቂ ለማያይ ውሻ የተሻለ መሆኑን አውቃለሁ። ዋጋው ግን ከማደሪያው አይቀንስም፤ ይብሳል እንጂ። በጠባቂዎቹ አልፈርድም። እኛ ራሳችን የሰው ልጅ ጠብቀን፣ የሰው እናት አስታመን የምንኖር ሰዎች ነን። ሌሊት የሕመምተኛ እስትንፋስ እያዳመጡ ማደር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የማንም ድካም በነፃ ይሁን አልልም። የምለው ሌላ ነው፤ ለአንድ ሳምንት በወጣ ዋጋ ሦስት ወር አስልቶ ክፈል ማለት መካከለኛ ገቢ ያለውን ሰው አትሂድ ማለት ነው።

«በነፃ ቤት ጠብቀው እንስሳውንም የሚንከባከቡ አሉ፤ እነሱን ፈልግ» የሚል ምክርም ይመጣል። እነዚያ ሰዎች የሚመርጡት ሰፊ ቤት፣ የሚጎበኝ ከተማ፣ ቀለል ያለ እንስሳ ነው። በቤዝመንት ወይም ባለ አንድ መኝታ አፓርትማ ለሚኖር፣ የኪራይ ውሉም እንግዳ ለረጅም ጊዜ እንዳያሳድር ለሚከለክለው ሰው ይህ መንገድ ዝግ ነው።

«ይዘኸው ሂድ» የሚሉም አሉ። ያረጀ ውሻ በዕቃ ማከማቻው ክፍል 13 ሰዓት እንዲበር፣ ከዚያም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነች ከተማ ገብቶ በደከመ ልቡ እንዲተነፍስ ማድረግ ለእሱ ቅጣት ነው። ይህም ይታለፍ ብንል መመለሻው አለ። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋታቸው ከፍ ያለ ተብለው በአሜሪካ ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ናት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ከእንዲህ ያለ አገር የሚመለስ ውሻ ማይክሮቺፕ ያስፈልገዋል፤ ቅጽ ይሞላለታል፤ አሜሪካ ውስጥ መከተቡም ከመውጣቱ አስቀድሞ በመንግሥት መረጋገጥ አለበት። ይህን ሳያሟላ የወጣ ሰው የደም ምርመራ፣ የተመዘገበ ማቆያ፣ ምርመራው ከሌለ ደግሞ 28 ቀን ለይቶ ማቆየት ይጠብቀዋል፤ ወጪው በሙሉ በባለቤቱ ነው። በሽታው ገዳይ ስለሆነ ደንቡን አልቃወምም። ግን «ይዘኸው ሂድ» የሚል ሰው ይህን ሁሉ ይወቅልኝ።

ኢንሹራንስስ? የእንስሳት ኢንሹራንስ ውል ከመግባታችን በፊት የነበረ ሕመምን በአብዛኛው አይሸፍንም። ስኳሩ ከታወቀ በኋላ ለገባ ሰው ስኳሩ የራሱ ዕዳ ነው። የማደሪያ ወጪ የሚከፍሉ አንዳንድ ውሎች አሉ፤ የሚከፍሉት ግን ባለቤቱ ራሱ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። እኔ ብተኛ ይከፈላል፤ እናቴ ብትተኛና ላስታምማት ብሄድ አይከፈልም። የእኛ ሕይወት በሁለት አገር የተከፈለ መሆኑን ውሉን የጻፈው ሰው አላሰበውም።

ከዚያ የማደሪያው ቅጽ ይመጣል። «ድንገተኛ ሕመም ቢደርስ እስከ ስንት ዶላር እናክም?» ይላል። «ልቡ ቢቆም እንሞክር ወይስ እንተወው?» ይላል። «እርስዎን በስልክ ካላገኘን ማን ይወስን?» ይላል። ሻንጣ እየዘጋሁ፣ ሐሳቤ እናቴ ጋ እያለ፣ በአንዲት ባዶ መስመር ላይ የዚህን ውሻ ሕይወት ዋጋ በቁጥር ጻፍ እባላለሁ። የድንገተኛ ሕክምና ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ቀብድ ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ኔትወርክ በሌለበት፣ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር በማይደርስበት፣ የሕመምተኛ አልጋ ሥር ተኝቼ፣ ከዚያ ሆኜ እንዴት ልወስን?

ከሁሉ የሚከፋው ጉዞው ሲራዘም ነው። እናትን ለማስታመም የሄደ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቀብሮ ነው የሚመለሰው። ከቀብር በኋላ ሠልስት አለ፤ አርባ አለ። አርባውን ሳያወጣ ተነሥቶ የሚመጣ ልጅ በዘመድ ፊት ብቻ ሳይሆን በራሱም ፊት ይከብደዋል። ማደሪያው ግን ውል አለው፤ በውሉም ውስጥ በቀጠሮው ቀን ያልተወሰደ እንስሳ «እንደተተወ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ አይጠፋም። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሕግ መወሰድ ከነበረበት ቀን በኋላ 14 ቀን ካለፈ እንስሳው የተተወ ነው። 14 ቀንና 40 ቀን አይገናኙም። ደውሎ ማራዘም ይቻላል፤ ቦታ ካለ፣ ካርዱም ገንዘብ ካለው። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ «አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ» ብዬ በሹክሹክታ የምደውለው እኔ ነኝ፤ አጠገቤ ያለ ዘመድ «ማን ነው?» ሲለኝ የምመልሰው የለኝም።

ወገኖቻችን የሚሉት ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ያማል። «በዚህ ብር ስንት ሰው ይረዳ ነበር!» ይላሉ። እኔም ሰው እረዳለሁ፤ ይህን የሚሉኝ ሰዎችም ያውቁታል። አንድ ሰው ያሳደገውን እንስሳ ስላልጣለ ለሰው የነበረው ርኅራኄ አይጎድልም። ሌሎች ደግሞ «አስወጋውና ተገላገል» ይሉኛል። እንስሳው ሥቃይ በዝቶበት ሐኪሙም ተስፋ ሲቆርጥ ያ ውሳኔ ምሕረት ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ። በደንብ የሚበላ፣ ድምፄን ሲሰማ ጭራውን የሚቆላ ውሻ የአውሮፕላን ቀኔ ስለደረሰ ይገደል ማለትን ግን አልቀበልም። እኔ የማስታምማት እናት ይህን አላስተማረችኝም። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚሉትን አከብራለሁ፤ ጠብቁልኝ ብዬም አላስቸግራቸውም። የምለምነው እንዳይሥቁብኝ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማደሪያዎቹ ለረጅም ጉዞ ወርኃዊ ዋጋ ያውጡ፤ መድኃኒት መስጠትን በመርፌ ቁጥር ሳይሆን በአንድ ቁርጥ ክፍያ ያስሉ፤ ሌሊት ሰው ከሌላቸው በግልጽ ይናገሩ። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ወላጅን ማስታመምንም እንደራስ ሕመም ይቁጠሩት። ይህን የምንጠይቀው በየግላችን በየባንኮኒው ላይ ስለሆነ ማንም አይሰማንም። ብዙ ሆነን ብንጠይቅ ግን ብዙ ገበያ ነንና ይሰሙን ነበር።

ከእነሱ በፊት ግን እኛው ልናደርገው የምንችለው አለ። በመካከላችን ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ በጎንደርም በሌላም ተምረው የመጡ ሐኪሞች አሉ። የአሜሪካ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ረጅምና ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ታክሲ ይነዳሉ፣ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ፈቃድ ሳይኖራቸው ማከም አይችሉም፤ ቤት ድረስ መጥተው ውሻውን የሚያክመው ሐኪም ያዘዘውን ኢንሱሊን በሰዓቱ ለመስጠት፣ ሲሪንጁን ላለመሳሳት፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ለማወቅ ግን ከእነሱ የተሻለ ሰው የት ይገኛል? እነሱ ተገቢ ክፍያ ያገኛሉ፤ እኛም አምነን እንሄዳለን። ለቅሶ ሲሆን አስከሬን ወደ አገር ቤት በአንድ ቀን መዋጮ የሚልክ ዕድር አለን። የሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘ መዝገብ አለው። በዚያ መዝገብ ላይ «ውሻ አለኝ»፣ «መርፌ መውጋት እችላለሁ»፣ «ክረምት እዚህ ነኝ፣ በገና እሄዳለሁ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች መጨመር ምን ያስከፍላል? በገና የሚሄደውን በክረምት የሚሄደው ይተካዋል። ጉዞው ሳይደርስ አስቀድሞ ጥቂት ጊዜ እየተመላለሱ ቢተዋወቁ ውሻውም የሰውየውን ሽታ ይለምዳል፤ ሰውየውም መርፌውን።

በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ይህን ጉዳይ አነሣዋለሁ። የሚሥቅ ይሣቅ። ግን ከሣቁት መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ከስብሰባው በኋላ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቀው «እኔም እኮ ድመት አለችኝ፤ ዕድሜዋ ገፍቷል» እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነኝ። እነሱን እዚያው እመዘግባቸዋለሁ።